ስሙ ያልተጠየቀው ወንዝ

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሞጣ ስመደብ፣ ሰው ፊት ቆሜ መናገር የማይሆንልኝ ልጅ እንደሆንኩ የመደበኝ ሰው አላወቀም። ጂኦግራፊ እንዳስተምር ነበር የተላክሁት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ አስተማርኩ ማለት ይቻላል። ካርታ የሚያስተምር ሰው ለዚህ ሰበብ አያጣም፤ ድንበር ስስል፣ ወንዝ ስስል ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ተማሪዎቹም ጨዋ ነበሩ። ከጀርባዬ የሚሰማኝ የእስክሪብቶ ጭረት ብቻ ነው።

የመማሪያ መጽሐፍ በጣም ጥቂት ነበር፤ ያለውም ላይብረሪ ተቀምጦ ይነበባል እንጂ ወደ ቤት አይወጣም። ስለዚህ ትምህርቱ የሚኖረው በደብተር ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድም ያለው የወንድሙን ደብተር ይወርሳል፤ የሌለው ከዘመድ ይዋሳል፤ ዘመድም የሌለው ለባለ ደብተሩ ልብስ አጥቦ ወይም ውኃ ቀድቶ ይገለብጣል። እጅ ጽሑፉ ያማረ ደብተር፣ ባለቤቱ ትምህርቱን ጨርሶ ከሄደ በኋላም ከክፍል ክፍል፣ ከከተማ ከተማ ሲዞር ይኖራል። እኔም ቢቸና የተማርኩት እንዲሁ ነው።

በመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ባዶ ካርታ በስቴንስል አባዝቼ ሰጠኋቸው። ካርታው ላይ የዓባይ መስመር ብቻ አለ። ገባር ወንዞቹን እየሳሉ ቁጥርና ስም እንዲሰጧቸው ነበር ጥያቄው።

እርማቱን የጀመርኩት የተከራየሁት ክፍል ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ፣ ከጮቄ ተራራ ምሥራቃዊ ጎን ተነሥቶ፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል አልፎ ዓባይ የሚገባ ረጅም ወንዝ አየሁ። ሁለት ቦታ ላይ የታጠፈ፣ ቁጥር የተሰጠው ወንዝ ነው። ስም ግን የለውም። በዚያ ቦታ እንዲህ ያለ ወንዝ ስለሌለ ሳቅ ብዬ በቀይ ሰረዝኩት። ሁለተኛው ወረቀት ላይም አለ። ሦስተኛውም ላይ አለ። አሥረኛው ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ። በመጨረሻ ስቆጥራቸው ሠላሳ አንድ ልጆች አንድ የሌለ ወንዝ ስለዋል፤ ሁሉም እዚያው ቦታ፣ ሁሉም ሁለት ጊዜ አጥፈው፣ ሁሉም ስሙን ባዶ ትተው።

ጥንቃቄ አበዛለሁ ብዬ ነገሩን የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት ለሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደር አማከርኩት። ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ደግ ሰው፣ ነገር ግን ከሰው ይልቅ ቁጥር የሚያምን። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠና መነጽሩን አወለቀ።

«እህቴ፣ ሠላሳ አንድ ሰው አንድ ሕልም አያይም» አለኝ።

በማግስቱ ሳይነግረኝ የክፍሉን የጂኦግራፊ ደብተሮች ሁሉ ሰብስቦ ቢሮው አስገባ። እኩለ ቀን ላይ ጠራኝና የአንዲት ተማሪዬን ደብተር ከፍቶ አሳየኝ። ፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ከክፍሉ ሁሉ እጅ ጽሑፏ የሚያምር ልጅ ናት። ወንዙ በደብተሯ ላይ አለ፤ ከካርታው በላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ የትክክል ምልክት ተደርጎ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም የፊርማ ጭረት አለ። የዩኒት ሊደሩ ሐሳብ ቀላል ነበር። ልጅቷ ፈተናው ምን እንደሚጠይቅ ከየትም ይሁን ከየት ሰምታ፣ በመምህር የታረመ አስመስላ መልስ አዘጋጅታ ለክፍሉ አሰራጭታለች። መልሱ ስሕተት መሆኑ ጥፋቷን አይቀንሰውም። ፈተና ያሰራጨ ተማሪ ለአንድ ዓመት ከትምህርት ይታገዳል፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ይቀመጣል። ይህን የሰማሁት ሐሙስ ነው።

የዚያች ልጅ አንድ ዓመት ከሌላው ተማሪ አንድ ዓመት ጋር እኩል አልነበረም። ቤተሰቦቿ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው ገጠር ነው የሚኖሩት። አባቷ ቄስ ናቸው፤ የብራና መጽሐፍ በእጃቸው የሚገለብጡ ቁም ጸሐፊ። ለጋብቻ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮባት፣ ሁለቱንም ጊዜ አባትየው «አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ» ብለው መልሰዋቸዋል። ሽማግሌዎቹ እሺ ያሉት እየቆጠሩ ነው። አንድ ዓመት እቤት ከተቀመጠች ሦስተኛው ጊዜ መልስ እንደማይኖረው ልጅቷም እኔም እናውቃለን።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከአስተማሪዎች ክፍል ጀርባ ጠርቼ አነጋገርኳት። እንደማታለቅስ አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያን ያህል አልፈራም ነበር። ደብተሯን ከፍቼ ይህን ወንዝ አይታው ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አላውቅም ቲቸር።»

«ቅዳሜ ስንቅ ልታመጪ ስትሄጂ በዚህ በኩል አይደለም የምታልፊው?»

«በዚሁ ነው። ደረቅ ሜዳ ነው፤ የምጠጣውን ውኃ ይዤ ነው የምሄድ።»

«ታዲያ ለምን ሳልሽው?»

ጥቂት አሰበች። «ደብተሩ ላይ ካለ፣ እኔ ያላየሁት ነው የሚሆን ብዬ» አለችኝ።

ቀዩን ምልክት ለምን እንዳደረገች ስጠይቃት ደግሞ ጥያቄው ራሱ ገረማት። የገለበጠችበት ደብተር ላይ ስላለ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ለዚያ ብላ ከጓደኛዋ ተውሳለች። አባቷ ሲገለብጡ ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር ነው፤ ገልባጭ አይጨምርም፣ አይቀንስም። እሷም ደብተር እንደዚያ ነው የምትገለብጠው። ይህን ስትነግረኝ ወንጀል የምታምን ሳይሆን ሙያ የምታስረዳ ትመስል ነበር።

ዩኒት ሊደሩን እስከ ሰኞ ጊዜ እንዲሰጠኝና ደብተሮቹን እንዲያውሰኝ ለመንኩት። ቆጥሮ፣ አስፈርሞ ሰጠኝ።

ክፍሌ ወለል ላይ ሠላሳ አንዱን ደብተር ካርታው ካርታው ላይ ከፍቼ ዘረጋኋቸው። ለእያንዳንዱ ፊደል ሰጠሁ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልኩ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ይመስሉኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳያቸው ግን አንዱም አንዱን አይመስልም። አንደኛው ደብተር አራተኛውን ወንዝ ዘሎታል፤ ከሱ የገለበጡት አምስት ልጆች ሁሉ አራተኛ ወንዝ የላቸውም። ሌላው የሌለውን ወንዝ ጫፍ እንደ መንጠቆ አጥፎታል፤ መንጠቆው ከዚያ በኋላ በሰባት ደብተር ላይ ይታያል፤ በየደብተሩም እየጎበጠ ሄዶ በመጨረሻው ላይ ወንዙ ወደ ተራራው ሊመለስ ምንም አልቀረውም። አንድ ጥንቁቅ ልጅ ደግሞ ከሁለት ደብተር አመሳክሯል። በአንደኛው ወንዙ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በሌላው ትንሽ ወደ ደቡብ ስለነበር ማንንም ላለማስቀየም ሁለቱንም ስሏቸዋል። ጎን ለጎን ተያይዘው ዓባይ ይገባሉ።

ከሁሉም ያሳቀኝ ግን አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ናት። በብዙዎቹ ደብተሮች ላይ ከወንዙ ጎን «ስሙ ቲቸር ይጠየቅ» ይላል። አንድ ሰው አንድ ቀን ለራሱ ማስታወሻ የጻፋት ናት። ከሱ የወሰደው ልጅ እሷንም ገለበጠ፤ ከዚያም የወሰደው እንዲሁ። አንዱ እንዲያውም በሳጥን ከብቦ አስጊጧታል። አንድም ሰው ግን ጠይቆ አያውቅም።

የግራፍ ወረቀት አወጣሁና ማን ከማን እንደገለበጠ እየሳልኩ ቅርንጫፍ አወጣሁለት። መንጠቆዎቹ በአንድ በኩል፣ አራተኛ ወንዝ ያጡት በሌላ በኩል፣ ባለ ሁለት ወንዙ ልጅ ከሁለት ቅርንጫፍ ተያይዞ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ነገሩ ለምን እንደተጀመረ እስክረሳ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ዓርብ ከረፋዱ ወረቀቱን ለዩኒት ሊደሩ ወስጄ አሳየሁት። ጣቱን ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እያወረደ እስከ ግንዱ ደረሰ። ግንዱ የልጅቷ ደብተር ነው። ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺው አረጋገጥሽልኝ» አለ።

ያለኝ ብቸኛ መውጫ ግንዱን አልፎ ሥሩን መፈለግ ነበር። ልጅቷ ደብተሩን የተዋሰችው ከአጎቷ ልጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከዚሁ ትምህርት ቤት ጨርሶ፣ ሞጣ ውስጥ በገበሬዎች አገልግሎት ኅብረት ሥራ ሱቅ ዕቃ ያድላል። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሄድኩበት። ማትሪክ እንደገና እፈተናለሁ ብሎ ደብተሮቹን ሁሉ በሳሙና ካርቶን አስቀምጧቸዋል። «ስሙ ቲቸር ይጠየቅ» የምትለው ጽሑፍ በሱ ደብተር ላይ በእርሳስ ነው ያለችው። የጻፋት እሱ ነው። ለምን እንዳልጠየቀ ስጠይቀው፣ የጊዜው አስተማሪያቸው ቁጡ ስለነበሩ ከክፍሉ የሚደፍር እስኪገኝ እየጠበቀ እንደነበር ነገረኝ። አሁን ያገኘ መስሎት ይሆን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዲያው ቲቸር፣ ማን ይባላል?» አለኝ።

የትክክል ምልክቱም በሱ ደብተር ላይ አለ፤ ግን በሰማያዊ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ስላልነበረው ከጎኑ «በቀይ» ብሎ ጽፏል። የአጎቱ ልጅ ያንን አንብባ ነው ቀይ ፍለጋ የሄደችው። ይህ ለኔ በቂ ነበር። ለዩኒት ሊደሩ ግን በቂ እንደማይሆን አውቄያለሁ፤ የዘመድ ምስክር ዘመድ ነው ይላል። ልጁ የገለበጠው ከቢቸና ወደ ሞጣ ከተዛወረች የክፍል ጓደኛው ነው። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበሩ ዝውውሩ አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ ተመልሰዋል። ያቺ የክፍል ጓደኛው አሁን መምህራን ማሠልጠኛ ገብታለች፤ እናቷ ግን ቢቸና ገበያው ዳር ሱቅ አላቸው።

ቢቸና ወላጆቼ ያሉበት ከተማ ነው፤ ሰበብ አላስፈለገኝም። ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ተቀየረ። ቁልቁል እያየሁ ያ ወንዝ ማለፍ ያለበትን ቦታ ስንሻገረው ሜዳው የጤፍ ገለባ ብቻ ነው፤ ላሞች ይግጡበታል።

የሱቁ ባለቤት ጨዋታ የሚወዱ ሴት ናቸው። ከሞጣ ድረስ የመጣሁት የልጃቸውን ያረጀ ደብተር ፍለጋ መሆኑን ሲሰሙ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር ጆንያ ጎትተው አወጡ። የልጃቸውን ደብተሮች ቅጠል በቅጠል እየገነጠሉ ቅመም ይጠቀልሉባቸዋል።

«ዘግይተሻል ልጄ። ታሪክ አልቋል። ባዮሎጂን ባለፈው ገበያ በርበሬ ጠቅልለንበታል። ጂኦግራፊ ግን አለ መሰል፤ ሥዕል ስለበዛበት ሰው ይወደዋል፣ ቶሎ አላወጣውም።»

ግማሹ ብቻ ቀርቷል። ካርታው ከቀረው ግማሽ ውስጥ ነበር፤ ወንዙም፣ የትክክል ምልክቱም አለበት፤ እዚህም ተገልብጦ ነው። ተስፋ ቆርጬ ልዘጋው ስል ሴትዮዋ እጃቸውን እንደገና ጆንያው ውስጥ ከተቱና ሌላ ደብተር አወጡ። ይህኛው የልጄ እጅ አይደለም፣ ከሰው አምጥታ የገለበጠችበት ይሆናል አሉኝ።

ሽፋኑን አየሁት። በቡናማ ካኪ ወረቀት የተሸፈነ፣ ጥግ ጥጉ በክር የተሰፋ ነው። ደብተር ሽፋን በክር የምትሰፋ አንዲት ተማሪ ብቻ ነው የማውቀው። ገለጥኩት። ጽሑፉ የኔ ነው። ካርታው የኔ ነው። ወንዙም የኔ ነው፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ሁለት ቦታ የታጠፈ። ከላይ የአስተማሪዬ ቀይ ምልክትና «በጣም ጥሩ»፣ ከሥሩም ፊርማቸው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከኛ በታች ላለች ልጅ አውሼው፣ ፊት ለፊት መጠየቅ አፍሬ ሳልጠይቃት የቀረሁት ደብተር ነው፤ ከእሷም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እዚህ ደርሷል።

«የማን ነው?» አሉኝ ሴትዮዋ።

«የአንዲት ፈሪ ተማሪ» አልኳቸው።

በነጻ ሊሰጡኝ ፈልገው ነበር፤ ግን መጠቅለያቸውን ስለወሰድኩባቸው ከአባቴ ዘንድ አንድ እቅፍ አሮጌ ጋዜጣ አምጥቼ ተካሁላቸው። ጋዜጣ ቀለሙ ጨው ላይ ይለቃል ብለው ትንሽ አጉረመረሙ።

ያን ቀን እቤት ስገባ እናቴ ምን ሆነሽ ነው ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። የማስበው አንድ ነገር ነበር። ወንዙን ከየት አመጣሁት? ከመጽሐፉ ላይ ነው የገለበጥኩት፤ መጽሐፉ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ወንዝ እንደሌለ አሁን ጠንቅቄ አውቃለሁ። በልቤ ፈጥሬ ወንዝ የምጨምር ልጅ አልነበርኩም፤ ያን ያህል ድፍረት አልነበረኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቴ ሄድኩ። ዘበኛው አወቁኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍልን ክፍል አይቼ ልመለስ ብላቸው ቁልፍ ይዘው ተከተሉኝ። ያኔ ካርታ የምንገለብጠው በመስኮት ነበር። ለክፍለ ጊዜው ከላይብረሪ የመጣውን መጽሐፍ ገጽ መስታወቱ ላይ ይለጥፉታል፤ ባዶ ወረቀት ይደርቡበታል፤ ብርሃኑ ከውጭ ሲገባ መስመሮቹ ሁሉ ስለሚወጡ በእርሳስ መከተል ነው። እኔ ሁልጊዜ የምቆመው ከበሩ ሁለተኛው መስኮት ዘንድ ነው፤ ጥግ ስለሆነ ሰው አያየኝም።

መስኮቱ እዚያው አለ። ከላይኛው ጥግ ወደ ታች የወረደ፣ ሁለት ቦታ የታጠፈ ስንጥቅ አለበት።

ደብተሬን ከፍቼ ካርታውን መስታወቱ ላይ አደረግሁት። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ ሳንቀሳቅሰው ስንጥቁ ከወንዙ ሥር ገባና ጠፋ። አንድ ፀጉር እንኳ አልተረፈም። የመስታወት ስንጥቅ ነው በቀለም አድምቄ ዓባይ ያስገባሁት። ብቻዬን ሳቅሁ። ዘበኛው ጎንበስ ብለው ስንጥቁን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እናንተ ሳትገቡ በፊት ድንጋይ የመታው ነው» አሉ። «እስከ ዛሬ መስኮት ይቀየርልን ብሎ የመጣ እንጂ ስንጥቁን ሊያይ ከሞጣ የመጣ ሰው አላየሁም።»

ሰኞ በመልሱ አውቶቡስ ላይ ሁሉንም ነገር በልቤ ስደረድር ቆየሁ። ደብተሩን ለዩኒት ሊደሩ ሰጥቼ «ከቢቸና የመጣ የቆየ ደብተር ነው» ብዬ ብተወው ይበቃ ይሆን? አይበቃም። የቀይ ምልክቱ ባለቤት ማን ነው ይላል፤ ደብተሩ የማን ነው ይላል፤ ባለቤት የሌለው ደብተር ማስረጃ አይሆንም ይላል፤ እውነቱንም ነው። እኔ ደግሞ ገና የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስኩ ጀማሪ አስተማሪ ነኝ። ዓባይ ላይ ወንዝ የጨመረች የጂኦግራፊ አስተማሪ መባሉ ቀላል አልመሰለኝም። ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ግን ቆሞ መናገሩ ነበር፤ ያውም ጀርባዬን የምሰጠው ሰሌዳ በሌለበት።

ኮሚቴው በዲሬክተሩ ቢሮ ተቀመጠ። ዲሬክተሩ፣ ዩኒት ሊደሩ፣ ሦስት አስተማሪዎች። ልጅቷ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ አባቷም ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከጎኗ አሉ። እሳቸውን እንዳየሁ አውቶቡስ ላይ የደረደርኩት ሁሉ ከራሴ ጠፋ።

በዚያ ጊዜ ስብሰባ ሁሉ በግለ ሂስ ነበር የሚዘጋው። ሰው ተራ በተራ እየተነሣ ድክመቱን ያወርዳል፤ የሚወርደውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሰዓት አላከበርኩም፣ ንባብ አላጠናከርኩም። እኔ ተራዬ ሲደርስ «እንደ ጓዶች» ብዬ እቀመጥ ነበር። ያን ቀን ዩኒት ሊደሩ ክሱን ከመጀመሩ በፊት እጄን አወጣሁ። ዲሬክተሩ ደንገጥ አሉ።

«ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ።

«ጓድ መምህርት፣ እሱ መጨረሻ ላይ ነው» አሉ።

«መጨረሻ ላይ ከሆነ ልጅቷ ትባረራለች» አልኳቸው። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ተነሣሁ።

ከግራፍ ወረቀቱ ጀመርኩ። ሠላሳ አንዱን ቅርንጫፍ፣ ከዚያ የልጅቷን ደብተር፣ ከዚያ የአጎቷ ልጅ ያዋሰኝን «በቀይ» የሚል ደብተር፣ ከዚያ በቅመም የሸተተውን ግማሽ ደብተር አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በመጨረሻ የራሴን አስቀመጥኩ። ወንዙን የሳልኩት እኔ ነኝ፣ ወንዙም የቢቸና ትምህርት ቤት መስኮት ስንጥቅ ነው አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ቃሉ ራሱ ይጎትተኝ ጀመር።

ዩኒት ሊደሩ ሁለቱን ቀይ ምልክቶች ጎን ለጎን አደረጋቸው። የአስተማሪዬ ፊርማ መጨረሻው ላይ ወደ ታች የሚወርድ ጅራት አለው፤ ያ ጅራት በሁለት ሰው እጅ አልፎ ልጅቷ ደብተር ላይ ሳይቆረጥ ደርሷል።

«ጅራቱን እንኳ አልተወችም» አለ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንግዲያው አስተማሪሽ ይህን ወንዝ እንዴት ትክክል ብለው አረሙልሽ?» አለ።

«እጅ ጽሑፌ ያምር ነበር» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቁት ዲሬክተሩ ናቸው። ቀጥሎ ሁሉም ሳቁ። ዩኒት ሊደሩ ብቻ አልሳቀም፤ መነጽሩን አውልቆ ሲወለውል ቆየና ሠላሳ አንድ ሰው አንድ ሕልም አያይም ማለቱ ልክ እንደነበር፣ ያላሰበው ነገር ግን ሕልሙን ያየችው አንዲት ሰው መሆኗ እንደሆነ ተናገረ። የልጅቷ ክስ እንዲሰረዝ ሐሳብ ያቀረበውም እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ወደ ደጅ ወጥቶ፣ ዕድሜው ከአባትየው ብዙም የማያንስ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ አባትና ልጅን ይቅርታ ጠየቀ። ጥያቄው ከፈተናው እንዲወጣና ካርታውን እንደገና እንዳስተምር ተወሰነ። እኔን በተመለከተ ዲሬክተሩ ቃለ ጉባኤው ላይ ምን እንደሚያጽፉ ጥቂት አሰቡና «ግለ ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል» አስባሉና አስጻፉ።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ወደ ተማሪዎቹ አድርጌ፣ ወንዙ ከየት እንደመጣ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ፤ ሲስቁብኝ ያን ያህል እንደማያም ያን ቀን አወቅሁ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ እኛ እኮ ልንሻገረው ድልድይ ስናስብ ነበር» አለ። ደብተራችሁን አውጡና ሰርዙት አልኳቸው። ሁሉም መሰረዝ ጀመሩ፤ ልጅቷ ግን እስክሪብቶዋን አላነሣችም። ስሄድባት ደብተሯን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

አባቷ ትናንት ማታ ነግረዋታል። የተጻፈ ነገር ዝም ብሎ አይፋቅም፤ ከተፋቀ በኋላ የሚመጣ ገልባጭ ምን እንደነበረ አያውቅምና ጠርጥሮ ይመልሰዋል። ስሕተት ሲገኝ ዳር ላይ ማን እንደተሳሳተ፣ ማን እንዳረመ ይጻፍበታል። ስለዚህ እሷ ወንዙን አትሰርዘውም፤ እኔ ልጽፍበት ነው።

ተቀምጬ፣ ከወንዙ ጎን፣ «ይህ ወንዝ የለም። የመስታወት ስንጥቅ ነው። ተሳስቼ የሳልኩት እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ነኝ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ጎረቤቷ አየና የኔም ይጻፍልኝ አለ። ከዚያ ሌላው። የሰረዙት ሁሉ እንደገና እየሳሉ መጡ። ደወል ሲደወል ጠረጴዛዬ ፊት ሰልፍ ነበር፤ ከሌላ ሴክሽን ሰምተው የመጡም ነበሩበት። እጄ እስኪዝል ድረስ የለም፣ የለም፣ የለም እያልኩ ጻፍኩ።

ልጅቷ የመጀመሪያዋ ሆና የተጻፈላትን ይዛ ወደ ቦታዋ ሄዳ ነበር። አንብባ ጨረሰችና ሰልፉን ጥሳ ተመልሳ መጣች።

«ቲቸር፣ ቀን አልጻፉበትም» አለችኝ።

ደብተሯን ተቀብዬ ቀኑን ጻፍኩበት።